አጎቴ አውቶቡሱን ያቆመ ዕለት

መስከረም 14

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ላኮራችኝ ለእህቴ ልጅ፣ ለ«ጥያቄ»፤

ልጄ፣ ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ በርሽን ያንኳኳ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንደምን ነው? እኛ በጣም ደህና ነን። አክስትሽ እንደ ወትሮዋ ትቆጣለች፤ እሱ የጤናዋ ምልክት ነው። አውቶቡሷም ደህና ናት።

ነጭ ልብስ ለብሰሽ የተነሣሽው ፎቶ ደረሰኝ። የት እንዳደረግኩት ገምቺ! ከመሪዬ በላይ፣ ከመስታወቱ ጎን ለጥፌዋለሁ። የገባ ተሳፋሪ ሁሉ «ይቺ ማን ናት?» ይለኛል። ዝም ያለ እንደሆነ እኔው እጀምራለሁ። «የእህቴ ልጅ ናት፤ በእጄ ያደገች። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ተፈትና ያለፈች ነርስ!» ረዳቴ «ጋሼ፣ ጀመረህ ደግሞ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። የእሱም እህት ልጅ ነርስ ስትሆን ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ድሮ ከኋላዬ ካለው ወንበር ተቀምጠሽ «ይሄ ለምን? ያ ለምን?» እያልሽ ጆሮዬን ስትበይው የነበረው ሁሉ ለካስ ትምህርት ኖሯል።

የእኔም ስም አልወረደም። እንደምታውቂው ግማሽ ቀን በሚፈጀው በዚያ መንገድ ላይ ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ሳልቆም የምደርስ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ለሻይ ይቆማሉ፣ ለሽንት ይቆማሉ፣ ለወሬ ይቆማሉ። «ቀጥታ» የሚለውን ስም ያወጣልኝ ተሳፋሪው ነው። አሁን ትኬት ቆራጩ እንኳ «በቀጥታ ነው የምትሄዱት ወይስ በሌላ?» ብሎ ይጠይቃል።

አንዲት ነገር ላማክርሽ። በስልክ ያልጠየቅኩሽ፣ ስልክ ላይ አትሰሚኝም ብዬ ስጮህ ግቢው ሁሉ ስለሚሰማ ነው።

አንድ የማውቀው ሾፌር አለ። ጎበዝ ሰው ነው፣ በሥራው የተከበረ። ይህ ሰው ሆዱ ይደርቅበታል። የዛሬ ነገር አይደለም፣ ዓመታት አልፎታል። አሁን አሁን ግን ሕመም ተጨምሮበት ከእምብርቱ በታች ይቆርጠዋል፣ ይነፋዋል። ሽንት ቤት ይገባና ጋዜጣውን ጨርሶ፣ ማስታወቂያው ሳይቀር አንብቦ፣ ባዶውን ይወጣል። ለሰው እንዳይናገር ደግሞ ያፍራል። ምን ይበጀው ይሆን?

እኔማ ብረት ነኝ፣ አታስቢ።

አጎትሽ


ጥቅምት 10

ይድረስ ለምኮራብዎና ለምሳሳልዎ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፖስታውን ሳልከፍት መጀመሪያ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። እንደምን ከረሙ? አክስቴስ? እኔ ደህና ነኝ። የምኖርባት ክፍል ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጋደም ስል ከኋላ ወንበር የተሳፈርኩ ይመስለኛልና ተመችቶኛል። ፎቶዬ ከመሪው በላይ መሆኑን ስሰማ አልቅሼም ስቄም ጨረስኩት።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። ይዩልኝ፣ ምን ዓይነት ዕድል ነው! የተመደብኩት የሆድና የአንጀት ሕመምተኞች ክፍል ነው። እንዳያፍር ይንገሩልኝ። እኛ ዘንድ ከዳኛ እስከ ዘበኛ በዚሁ ጉዳይ ይመጣል፤ ሁሉም ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው።

ብዙ ሰው የሚጎድለው አሰር ያለው ምግብ ነው። አሰር ማለት አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ ጥራጥሬው፣ ያልተነፋው ዱቄት ውስጥ ያለ፣ ሆዳችን የማይፈጨው ክፍል ነው። ውሃ ይዞ ይወርድና የደረቀውን ያለሰልሳል። ነገር ግን ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ በአንድ ጊዜ አይሙላው። ሁለተኛ፣ ውሃ ይጠጣ። ውሃ የሌለው አሰር ጭቃ ነው።

ሌላም ልጠይቅ፣ ስሜ ጥያቄ አይደል? ጓደኛዎ ሲነዳ ውሃ ይጠጣል ወይ? ተፈጥሮ ስትጠራውስ ይቆማል ወይስ «ሲደርስ» ብሎ ይይዘዋል? ክብደት ቀንሷል? ደም አይቶ ያውቃል? ይህን ሳይደብቅ ይመልስልኝ።

እርስዎ ብረት እንደሆኑ አውቃለሁ። ብረትም ውሃ ይፈልጋል፤ ራዲያተሩን ረሱት?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 17

ይድረስ ለነርሷ ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱ ጀመረ ይባላል፤ ደረትሽን ሸፍኚ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እኔ በተለይ።

ጓደኛዬ ምክርሽን ሰምቶ በዚያው ዕለት ወፍጮ ቤት ሄደ። አሰር የሚባለው ነገር የትኛው ውስጥ ይበዛል ብሎ ሲያስብ ፉርሽካ ትዝ አለው። ያው ከስንዴው የሚወጣው ገለባ ነገር፣ ለከብት የሚገዛው። ባለ ወፍጮው ሲመዝንለት «ስንት ላም አለህ?» አለው። «አንድ» አለ ጓደኛዬ። «ወተቷ እንዴት ነው?» «እሱን ገና እያየን ነው።» እዚህ ላይ ሳቂ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

በየጠዋቱ በጭልፋ ሙሉ እየበጠበጠ ጠጣው። ጎበዝ ሰው ስለሆነ ሲጀምር በትንሹ አያውቅም። ውሃውን ግን እንዴት አድርጎ? ሾፌር ውሃ ከጠጣ መቆም አለበት፤ ይህ ሰው ደግሞ መቆም አይወድም። እንግዲህ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሕመሙ ከድሮው ባሰ። መሪ ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን ፈትቶ ይነዳል። ሚስቱ «አንተ፣ ሆድህ ውስጥ ወፍጮ አለ እንዴ? ይንኳኳል እኮ» አለችው።

ስለዚህ ምክሩ ይቅርና መድኃኒት ላኪለት። የዚያ አገር መድኃኒት ብርቱ ነው ይሉናል። አንድ ጊዜ የሚያጥበውን፣ ጠንካራውን። በሰው እጅ ላኪው፤ ሰው ባሕር ተሻግሮ ምክር ብቻ ከላከ ምኑን ተሻገረው?

የጠየቅሽውን ሌላውን ሁሉ ጠይቄው «ደህና ነኝ በላት» ብሎኛል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ዛሬ ግን እንደ ነርስ ነው የምጽፈው፤ ቢከፋዎትም ችለው ያንብቡኝ።

መድኃኒቱን አልክም። ያላየሁትን ሆድ በፖስታ አላክምም። እንኳን እኔ የክፍላችን ዋና ሐኪምም አታደርገውም። ሕመም ያለበትን ሆድ በጠንካራ መድኃኒት ማጠብ፣ ምን እንደዘጋው ሳያዩ የተዘጋ መንገድ ላይ ጋዝ እንደመርገጥ ነው።

ጓደኛዎ ፉርሽካውን ዛሬውኑ ይተወው። ጥፋቱ የአሰር አይደለም፤ ብዛቱና ፍጥነቱ፣ ዓይነቱና የውሃው ማነስ ነው። እንደ ፉርሽካ ያለው ሻካራው ዓይነት አንዳንዱን ሰው ይነፋዋል፣ ሕመሙን ያባብሰዋል። እንደ አጃ፣ እንደ ተነከረ ተልባ ያለው ለስላሳው ለብዙዎች ይሻላል። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፤ በሥራዬ እንዳየሁት አሰር በልተው ሽንት ቤት መመላለሱ የተስተካከለላቸው፣ ሕመሙ ግን ያልለቀቃቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ሌላ ምክንያት ይፈለግላቸዋል እንጂ «ጨምሩበት» አይባሉም።

ስለዚህ ሐኪም ይየው። ነገ። በስልክ አክስቴን ሳገኛት ስለ ሌላ ስናወራ ቆይታ፣ እንደዘበት «ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበሳ» አለችኝ። የማን ቀበቶ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዕድሜው የገፋ ሰው ሳያስበው ከከሳ፣ ከነሕመሙ መሪ ላይ መቀመጥ የለበትም። ጓደኛዎን በጣም እወደዋለሁ። ቢጠፋብኝ የምሆነውን አላውቅም።

በቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 26

አጎቴ፤

ያለ ሰላምታ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ቀረ። ስደውል አክስቴ «ሥራ ላይ ነው» ብላ ስልኩን ትዘጋዋለች፤ እሷ ደግሞ ስልክ መዝጋት አትወድም። ተቆጥተውኝ ከሆነ ይቆጡኝ፤ ግን በጽሑፍ ይቆጡኝ። ሁለት መስመር ትበቃኛለች።

ጥያቄ


የካቲት 22

ይድረስ እውነቱን ተናግራ አንጀቴን ለበላችው ልጄ፤

ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው፤ ኋላ ደግሞ አፍሬ ነው፤ በመጨረሻ ግን የምጽፈው ስለበዛብኝ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አሁን ደህና ነኝ፤ ይህን «ደህና ነኝ» ደግሞ እመኚው።

ያ ጓደኛዬ እኔ ነኝ። ምናልባት ጠርጥረሽ ይሆናል።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ «ልጅ አሳድጌ ትከለክለኝ ጀመር» ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ፉርሽካውን ተውኩት፤ ሐኪም ዘንድ ግን አልሄድኩም። ሕመሙን ስለፈራሁ መብላት ቀነስኩ። በባዶ ሆዴ እነዳለሁ፤ ውሃማ ጭራሽ።

አንድ ቀን ሙሉ ሰው ጭኜ ዳገቱን ስጨርስ፣ ወደ ቁልቁለቱ ልገባ ስል ያዘኝ። እንዲያ ያለ ሕመም አላውቅም፤ እንደ ፎጣ ጠመዘዘኝ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት። ማርሽ ልቀይር ስል እጄ ሳተ። እጄ ሲስት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። መኪናዋ ወደ ጠርዙ ሸተት አለች፣ አንዲት እናት ጮኸች፣ እኔም መሪውን ጠምዝዤ መኪናዋን መለስኳት። መለስኳት፤ ግን ቁልቁለቱ ገና ከፊቴ ነበር።

አየሽ ልጄ፣ በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው ስሜ ነው። ሁለተኛው በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ጭንቅላት ሁሉ። ዳር ያዝኩና ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጎማ ነው?» አለ አንዱ። ቀበቶዬን አጥብቄ ተነሣሁና ወደ ተሳፋሪው ዞርኩ።

«ወገኖቼ፣ ጎማው ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ። ሆዴ ደርቆብኝ፣ ቆርጦኝ፣ እጄ እየሳተ ነው። በዚህ እጅ ቁልቁለት አላወርዳችሁም።»

የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ነጋዴ ብቻ «ገበያ ሊያመልጠኝ ነው እኮ!» ብሎ ተነሣ። ከኋላው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ወንበሩን መቱት። «ቁጭ በል! ገበያው ነገም አለ፤ ገደሉ ውስጥ ግን ገበያ የለም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? «ተባረክ ልጄ። እኔ በአንተ መኪና ስሄድ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አልቀምስም። ዛሬ ከቆምክ እስቲ በሩን ክፈትልኝ።»

በሩ ሲከፈት ልጄ፣ ማን ቀረ? ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ ነጋዴውም ከፊት ሆኖ፣ ሁሉም ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ! አንዲት እርጉዝ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እግዜር ይስጥዎ» አለችኝ። እኔ በፍጥነቴ ስኮራ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር ለካ የሚከተሉኝ። «በቀጥታ እንሂድ» የሚሉት ወደውኝ ነበር፤ መጠማታቸውን ግን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅ፣ እኔም ጠይቄ አላውቅ።

ጥቂት ቆይቶ ማን ደረሰ? «ሻይ በሻይ» ብዬ የማሾፍበት ሾፌር። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ከኋላ ሁለተኛ ሾፌሩን ጠርቶ «የእሱን መኪና አንተ ያዝ፣ ቀስ ብለህ» አለው። እኔን ደግፎ ከራሱ መኪና ጋቢና ጀርባ አስተኛኝ። «አንተ ሰው፣ ያንን ቁልቁለት አለመጀመርህ ከነዳኸው መንገድ ሁሉ ይበልጣል» አለኝ። ይህን ከእሱ አፍ መስማት ከባድ ነው፤ ግን ሰማሁት፤ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ሐኪም ቤት ተኛሁ። ሐኪሟ ካንቺ ብዙም አትበልጥ። አንቺ የጠየቅሽኝን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ አሁን ሳልደብቅ መለስኩ። ደም መረመሩ፤ በካሜራ ያለው ቱቦም ገባ። በየት እንደገባ አክስትሽን አትጠይቂያት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። ውጤቱን እስክሰማ ድረስ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ሐኪሟ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ክፉ ነገር የለም» አለችኝ። አክስትሽ እዚያው አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች፤ ከዚያ ወዲያው ትቆጣኝ ጀመር።

የከሳሁት ባለመብላቴ ነው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው አለችኝ፤ ሥራ ላይ ስይዘው፣ ስይዘው፣ ስይዘው ኖሬ ጡንቻው መልቀቅ ረስቷል። ሲገፋ መፍታት ሲገባው ይጠብቃል። ከላይ ፉርሽካ ስጨምር ከታች በሩ ዝግ ነው። «ገባኝ ዶክተር» አልኳት፤ «መውጫው በተዘጋ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ላይ አውቶቡስ መጨመር ነው።» ሳቀችና «ይህን ለሌሎች ታማሚዎች ልናገረው?» አለችኝ። ራሴ የፈጠርኩት ምሳሌ ነው፤ እናንተም እዚያ ተጠቀሙበት።

ውሃ እየሳበ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሰጠችኝ። ከቁርስ በኋላ እግሬን በርጩማ ላይ አድርጌ ሳላምጥ እቀመጣለሁ። ጡንቻውን መፍታት የምታለማምደኝ ሴትም አለች፤ ሥራዋን ለመግለጽ ቃል ስለማላገኝ ልለፈው። አጃና የተነከረ ተልባ በትንሽ በትንሹ ጀምሬያለሁ። ውሃዬን እጠጣለሁ።

ይኸው ነው ልጄ። ብረት አይደለሁም።

አጎትሽ


መጋቢት 18

ይድረስ ለኩራቴ ለአጎቴ፤

ምን ልበልዎ! ደብዳቤዎን በሥራ ዕረፍቴ ላይ፣ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አዎ፣ ጠርጥሬ ነበር። ጋዜጣውን ከነማስታወቂያው የሚያነብ ሾፌር ከእርስዎ ሌላ አላውቅም።

ፈተናውን ያለፍኩ ዕለት በመላው ዓለም እንደ እኔ የኮራ የለም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሙሉ መኪና ሰው ፊት ቆመው «ታምሜያለሁ» ማለትዎን ሳነብ ነው የኮራሁት። እኔ እዚህ ሰዎችን ከሐኪም ጋር ብቻቸውን አድርጌ፣ በር ዘግቼ፣ ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ እለምናለሁ!

የሐኪምዎ ሕክምና ትክክለኛ ነው። አንዳንድ ቀን ሕመሙ ይመለስ ይሆናል፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ የጀመሩትንም እንዳያቆሙ። በአንድ ሳምንት የመጣ አይደለምና በአንድ ሳምንት አይሄድም።

አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ለሚቀጠሩ ነርሶች በዚሁ ሕመም ላይ እንድናገር ተመድቤያለሁ። ሕመምተኛው አሰር ሲባል ምን እንደሚሰማ፣ ምን ያህል በጭልፋ እንደሚጨምር፣ ምን እንደሚደብቅ ከእርስዎ ታሪክ የተሻለ አላገኝም። ስምዎን ሳልጠራ ልንገራቸው? እምቢ ካሉ እተወዋለሁ፤ አልቀየምም።

አክስቴን ይሳሙልኝ። ስትቆጣ መስማት ናፍቆኛል።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 9

ይድረስ ለነርሶቹ አስተማሪ፤

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ከበታችሽ ለሚንቀጠቀጠው ቤት። እኛ ደህና ነን። ሆዴ አንዳንድ ቀን ያኮርፋል፤ ግን እንታረቃለን። ቀበቶዬም ወደ ድሮው ቀዳዳ እየተመለሰ ነው።

ንገሪያቸው። ስሜንም ጥሪው። ምን «ሳልጠራ» ትያለሽ! ካሳፈረኝ ነገር ሰው ከተማረበት ስሜ እዚያም ይድረስ።

አሁን ወሬውን ስሚ። ወደ ሥራ ስመለስ የስምሪት ኃላፊውን «መሃል መንገድ ላይ ማረፊያ ይመደብ» አልኩት። «አንተ? ቀጥታ?» አለኝ። «ሰዓት ይጎድላል፣ ተሳፋሪ ይሸሻል» ብሎ ሞገተኝ። ሻይ በሻይም ሌሎቹም ሾፌሮች ከጎኔ ቆሙ። ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ፣ ዳገቱ ላይ የሆነውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኩት። አሁን በሁሉም መኪና ላይ ሕግ ነው፤ ከዳገቱ በፊት፣ ሽንት ቤትና የውሃ ቧንቧ ያለበት ሜዳ ላይ፣ ሁሉም ይቆማል። ተሳፋሪም አልሸሸም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው የሚገርምሽ። አንዲት ሴት ነበረች፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይዛ ስታመለክት የቆየች። ባመለከተች ቁጥር «ረጅም መንገድ ላይ ሴት መኪና ታስቆማለች» እያሉ ይመልሷታል። እኔም እኮ እዚያው ቆሜ ራሴን ነቅንቄያለሁ። አሁን መኪናው ለሁሉም ከቆመ ምን ምክንያት ይሰጣሉ? ተቀጠረች። አለማማጅ ማን ይሁን ሲባል እጄን አወጣሁ።

ትናንት በመጀመሪያው ጉዞዋ መሪውን ሰጥቻት ከጎኗ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ሜዳው ሳይደርስ አንዲት እናት ሕፃን ይዛ መጥታ በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። ልጅቷ ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት አለ። «ጋሼ፣ ልቁም?»

«መሪው ያንቺ ነው» አልኳት። «የጫንሽው ሰው ነው፤ አንቺም ሰው ነሽ። ቁሚ።»

እንደ ቅቤ አለስልሳ ዳር ያዘች። ፍሬኗ አንድ ሰው አላንገላታም። እኔ ወረድኩና በሩ ጋ ቆሜ እናቲቱን እጇን ይዤ ደገፍኳት። የውሃ ዕቃዬን ከፍቼ እየጠጣሁ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ፣ ከታች፣ ሸለቆው ውስጥ ሐይቅ አለ። ሐይቅ፣ ልጄ! ሰማያዊ፣ ፀሐይ ያረፈችበት። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መንገድ ስመላለስ ሐይቅ እንዳለ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ከመሪው ላይ «ጋሼ፣ ምን እያየህ ነው?» አለችኝ፤ «ነይ ውረጂ፣ አንቺም እይው» አልኳት።

ስትመጪ አሳይሻለሁ።

የሚኮራብሽ አጎትሽ